ባሕሩን ለፈረንጅ ትተን እስከ መቼ?

«ለዕረፍትሽ ወዴት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ እማዬ ቡናዋን እየቆላች።

«አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ጋ» አልኳት።

ፊቷ በራ። «እሰይ የኔ ልጅ! የት ነው እሱ ደግሞ? አዲስ የተተከለ ነው?»

አልዋሸሁም እኮ! ከሜልቦርን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ውቅያኖሱ ዳር የቆሙት ግዙፍ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ስማቸው ይኸው ነው፤ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት። (አሥራ ሁለት ናቸው ብላችሁ እንዳትቆጥሩ ግን። ስሙ ሲወጣላቸው ዘጠኝ ነበሩ፤ በጁላይ 2005 አንዱ ተናደና ስምንት ቀሩ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ተግባባን?)

«በማን መኪና ነው የምትሄዱት?»

«በመኪና አይደለም እማዬ። በእግራችን።»

«ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«ስምንት ቀን።»

ቡናው አረረ።

የቀረውን ጭቅጭቅ ላሳጥርላችሁ። ቦርሳ ተሸክመን፣ አፖሎ ቤይ ከምትባል ከተማ ተነስተን፣ ባሕሩን በግራችን አድርገን ወደ 100 ኪሎ ሜትር እንደምንሄድ ነገርኳት። ማደሪያችሁስ ስትለኝ «ድንኳን» አልኩ። ይህን ቃል ባልተናገርኩት ይሻል ነበር። እማዬ የቡና መቁያውን አስቀመጠች። «እኔ ሱዳን ውስጥ ስድስት ዓመት ድንኳን ውስጥ ኖሬአለሁ። አንቺን የወለድኩት ድንኳን ውስጥ ነው። ከዚያ አውጥቼ እዚህ ያደረስኩሽ፣ ከፍለሽ ድንኳን ውስጥ እንድትተኚ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቴን ነው፣ እስካሁንም አጥጋቢ መልስ የለኝም። ግን ሄድኩ። ሄጄም ተመለስኩ። ዛሬ የምጽፈው እማዬን ለማማት ሳይሆን፣ እኛ አውስትራሊያ ያደግን የሐበሻ ልጆች ባሕሩን ለሌላ ሰው ትተነዋል፣ መተዋችን ደግሞ ዋጋ እያስከፈለን ነው ለማለት ነው።

ሃያ ደቂቃ

ፉትስክሬይ የምትኖሩ እጃችሁን አውጡ። ከፉትስክሬይ ጣቢያ ዊሊያምስታውን ባሕር ዳር ለመድረስ በባቡር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ሃያ ደቂቃ! እንጀራ ለመግዛት ከምንሰለፈው ያንሳል። አሁን ደግሞ ይህን መልሱልኝ፤ እናታችሁ ባሕር ውስጥ እግሯን አስገብታ ታውቃለች? የኔዋ ሃያ ዓመት የወደብ ከተማ ውስጥ ኖራ አታውቅም። ቅዳሜያችን ሰርግ ነው፣ ልደት ነው፣ ክርስትና ነው። እሁዳችን ቤተ ክርስቲያን ነው። የቀረው ቀን ሥራ ነው። በጋው ሲከር ከተማው ሁሉ ፎጣ አንጠልጥሎ ወደ ባሕር ሲነጉድ እኛ መጋረጃ ዘግተን ቬንትሌተር ፊት እንቀመጣለን።

አንዳንዶቻችን በእርግጥ እንሄዳለን። መኪና ተከራይተን ሦስት ሰዓት ነድተን፣ ሐዋርያቱ ፊት ቆመን ፎቶ ተነስተን፣ ቺፕስ በልተን ማታውኑ እንመለሳለን። እሱም አይከፋም። ባሕርን በሃያ ደቂቃ ማየትና ከባሕር ጋር ስምንት ቀን ማደር ግን ፎቶ በማየትና ሰውየውን በማግባት መካከል እንዳለው ልዩነት ነው።

ባክፓከር የፓስፖርት ስም ነው

እንግዲህ አንድ የእንግሊዝ ልጅ እናስብ። ዕድሜው 22 ነው። ቪዛ ያወጣል፣ ሲድኒ ይገባል፣ ቦርሳውን አንግቶ በምሥራቁ ዳርቻ ሽቅብ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ባይረን ቤይ፣ የዓለም ትልቁ የአሸዋ ደሴት ክጋሪ (ድሮ ፍሬዘር አይላንድ ይባል የነበረው፣ በ2023 የጥንት ስሙ በይፋ ተመለሰለት)፣ ዊትሰንደይ ደሴቶች፣ ኬርንስ። ገንዘብ ሲያልቅበት ቡና ቤት ይሠራል፣ ሲሞላለት ይንቀሳቀሳል። ቪዛው «ወርኪንግ ሆሊደይ» ይባላል፤ ከ1975 ጀምሮ ያለ ነው። ዓመቱን ለማራዘም የሚፈልግ 88 ቀን እርሻ ወይም ሌላ የተፈቀደ ሥራ መሥራት አለበት፤ እንግሊዞቹ ግን ከጁላይ 2024 ወዲህ ይህም ተነስቶላቸዋል።

ይህን ቪዛ የሚያገኙ አገሮች ዝርዝር አለ። ከአውሮፓ፣ ከእስያ፣ ከአሜሪካ ደርዘን በደርዘን ናቸው። ከአፍሪካ? አንድም የለም። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ከእንግሊዙ ልጅ እኩል ጉልበት፣ እኩል ቀልድ፣ የተሻለ ጊታር አለው። ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። እሱ ቦርሳ አንግቶ ከተነሳ «ባክፓከር» አይባልም። ሌላ ስም አለው፤ ስሙንም እናውቀዋለን።

እዚህ ያለነው ደግሞ ተቃራኒው ነን። ፓስፖርቱ በእጃችን ነው፣ ባሕሩ በደጃችን ነው፤ አንሄድም። የእንግሊዙ ልጅ 88 ቀን ሠርቶ የሚፎክርበትን የፍራፍሬ ለቀማና የሥጋ ፋብሪካ ሥራ የኛ አባቶች ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውታል። ልዩነቱ እሱ ከሥራው በኋላ ባሕር ዳር ወረደ፤ አባዬ ከሥራው በኋላ ሌላ ሥራ ገባ። አባዬን አልወቅስም፣ የሚያሳድገው ልጅ ነበረው። እኔ ግን ያደግሁት ልጅ ነኝ። ምክንያቴ ምንድነው?

ስንቅ ማለት ይኸው ነው

«ቦርሳ ተሸክሞ መንከራተት የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ትሉኛላችሁ። ቆይ እንጂ! ግሸን ማርያም በእግሩ የሄደው ማነው? ቁልቢ ገብርኤል ሸክም ተሸክሞ የተጓዘው ማነው? በሶውን በስልቻ፣ ዱላውን በትከሻ አድርጎ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ዛፍ ሥር እያደረ ቀናት የሚሄድ ሕዝብ ልጆች ነን። የነሱ ባክፓኪንግ ጎሬቴክስ ለበሰ እንጂ የኛ ይቀድማል።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ምግባችንን ልንገራችሁ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ከሜልቦርን ሱቅ ያየነው የተጓዥ ምግብ፣ አየሩ ተስቦ በፕላስቲክ የታሸገ ደረቅ ፓስታ ነው፤ ዋጋው ያስደነግጣል፣ አብዛኛውም ፍስክ ነው። ስለዚህ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ተምርና አንድ ከረጢት ድርቆሽ ያዝን። ኤየር ሪቨር ካምፕ ላይ ውሃ አፍልተን በበርበሬና በዘይት ድርቆሽ ፍርፍር ስንሠራ፣ አጠገባችን ያሉ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ሽታው ስቧቸው መጡ። ምን እንደሆነ ጠየቁ። «ቀድሞ የተዘጋጀ ደረቅ የጉዞ ምግብ ነው» አልን። ውሸት ነው? ኧረ ድርቆሽ እኮ በትክክል እሱ ነው! ሰውየው ቀምሶ አለቀሰ (በበርበሬው)፣ ሚስቱ ግን ደገመች።

እማዬ በእግር መሄድን የምትጠላው ለምን እንደሆነ የገባኝ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው፤ ኬፕ ኦትዌይ ከ1848 ጀምሮ የቆመው የመርከብ መብራት ማማ አካባቢ፣ ትከሻዬ ተልጦ፣ ዛፍ ላይ የተኛ ኮዋላ ቁልቁል እያየኝ። ለሷ መሄድ ማለት ሌላ አማራጭ ማጣት ነው። ድንበር የተሻገረችው በእግሯ ነው፤ ማታ ማታ፣ ልጅ አዝላ። እኔ የሄድኩት ስልክ በኪሴ፣ የመመለሻ ትኬት በእጄ ይዤ ነው። አካሄዱ አንድ ሆኖ ነገሩ አንድ አይደለም። ግን ይህ ልዩነት የሷ ድካም ፍሬ ነው እላለሁ። መሄድ ግዴታ የነበረባት ሴት፣ መሄድ ምርጫዋ የሆነ ልጅ አሳደገች። ይህንን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ምርቃት ብታየው ደስ ይለኝ ነበር።

ማዕበሉ ዘመድ አያውቅም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

አራት ነበርን። ሦስት ሴቶችና የአንዷ ታናሽ ወንድም። ልጁ የመጣው በእናቶች ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ፣ «ዘበኛ» ሆኖ ነው። 19 ዓመቱ ነው። ከአራታችን ዋና የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ነርሷ ጓደኛችን። ይህንን ከመሄዳችን በፊት ማንም አልጠየቀም! ስለ ጫማ፣ ስለ ድንኳን፣ ስለ ፓወር ባንክ አንድ ወር ተከራክረናል። ስለ ዋና አንዲት ቃል አልተነፈስንም።

ጆሃና ቢች ደረስን። እንዳትዋኙ የሚል የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አለ። እኛም አልዋኘንም፤ ስለማንችል። ዘበኛችን ግን «እግሬን ልታጠብ» ብሎ ጫማውን በእጁ ይዞ እስከ ጉልበቱ ገባ። ከጉልበቱ አላለፈም፣ እምላለሁ። አንድ ማዕበል መጥቶ መታውና ወደቀ። ችግሩ መውደቁ አልነበረም። ውሃው ሲመለስ ከእግሩ ሥር ያለውን አሸዋ ይዞት ይሄዳል፤ ልጁ ሊነሳ ይሞክራል፣ የሚቆምበት የለም። ነርሷ ጮኸች፣ ገባች፣ እጁን ያዘች፤ እኛ እሷን ያዝን። ምናልባት ሠላሳ ሰከንድ ቢሆን ነው። አንድ ጫማ ጠፋ። ዘበኛችን እስከ ራት ድረስ አልተናገረም። በኋላ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ለእማዬ እንዳትነግሩብኝ።»

(እትዬ፣ ይህን እያነበቡ ከሆነ ይቅርታ። ልጅዎ አሁን ዋና እየተማረ ነው።)

ይህ ባሕር የሚወስደው መጤውን ብቻ አይደለም። ሃሮልድ ሆልት የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ፣ ዋና የሚወዱና ለባሕር አዲስ ያልሆኑ ሰው ሳሉ፣ በዲሴምበር 17 ቀን 1967 ከሜልቦርን ብዙ በማይርቀው ቼቪየት ቢች ገብተው ቀሩ። አስከሬናቸው አልተገኘም። በሲድኒው ቦንዳይ ቢች ደግሞ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1938 ተከታታይ ማዕበል መቶዎችን ወደ ውስጥ ጎትቶ አምስት ሰው ሞቷል፤ ሌሎቹን ነፍስ አድኖች ናቸው ያወጧቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር የበላ ውሃ የኔን ጉልበት ያከብራል?

ሁላችንም ማወቅ ያለብን ነገር ይህ ነው። ማዕበል ወደ ዳር የሚያመጣው ውሃ መመለሻ መንገድ ይፈልጋል። ጥልቅ ያለውን ቦታ ይመርጥና እንደ ወንዝ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። እዚህ «ሪፕ» ይሉታል። ተንኮሉ ምንድነው? ከዳር ሆናችሁ ስታዩት ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ይመስላል። ዋና የማይችል ሰው ደግሞ የሚመርጠው ጸጥ ያለውን ነው! ከያዛችሁ ከሱ ጋር አትታገሉ። የሚገድለው ድካም ነው። ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አውጡ፣ ጩኹ፤ ከቻላችሁ ወደ ጎን እንጂ ቀጥታ ወደ ዳር አትዋኙ። ከሁሉም በላይ ቀይና ቢጫ ባንዲራ በተተከለበት መካከል ብቻ ግቡ፤ ነፍስ አድን የሚጠብቀው እዚያ ነው። ባንዲራ ከሌለ አሸዋው ላይ መቀመጥም ጥሩ መዝናኛ ነው።

«በቃ፣ ይኸው አንቺው ራስሽ መሰከርሽ! አለመሄድ ነው መፍትሔው» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የምለው። እናቶቻችን ባሕሩን በመከልከል የሚጠብቁን ይመስላቸዋል። ልጅ ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር መሄዱ አይቀርም። ያኔ የሚሄደው ሳይነግር፣ ሳይዘጋጅ፣ «አልችልም» ለማለት አፍሮ ነው። ፍርሃት ዋና አያስተምርም። ዘበኛችንን ጉልበት ውሃ ላይ የጣለው ድፍረቱ ሳይሆን አለማወቁ ነው።

ሎክ አርድ

የመጨረሻው ቀን ሐዋርያቱን አልፈን ጥቂት ኪሎ ሜትር የምትርቅ አንዲት ሰርጥ ሄድን። ሎክ አርድ ትባላለች፤ በመርከብ ስም ነው የተጠራችው። መርከቧ 54 ሰው ጭና ከእንግሊዝ ተነሳች፤ ከሠራተኞቿ ሌላ አዲስ ኑሮ ፍለጋ የሚሰደዱ ቤተሰቦች ነበሩባት። ሦስት ወር ባሕር ላይ ቆይታ፣ ሜልቦርን ልትገባ ጥቂት ሲቀራት፣ በጁን 1 ቀን 1878 ንጋት ላይ ከዐለት ተጋጨች። የተረፉት ሁለት ናቸው። ቶም ፒርስ የሚባል ወጣት መርከበኛና ኢቫ ካርማይክል የምትባል የአየርላንድ ልጅ። ቶም ከዳር ደርሶ ሳለ ጩኸቷን ሰምቶ ተመልሶ ገባና አወጣት። ኢቫ ወላጆቿንና እህት ወንድሞቿን በአንድ ሌሊት አጣች። በኋላም ወደ አየርላንድ ተመለሰች።

ከሰርጡ በላይ መቃብሮች አሉ። እዚያ ቆመን አራታችንም ዝም አልን። ማን ምን እንዳሰበ መጠየቅ አላስፈለገም። ቀይ ባሕር ላይ፣ ሜዲትራኒያን ላይ የቀረ ሰው የሌለው የሐበሻ ቤት ስንት ነው? እኛ ባሕርን የምንፈራው ስለማናውቀው ይመስለኝ ነበር። ለካ እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። በሐዘን ፊቱ።

ያ ሰርጥ አሁን ሰው ልጆቹን ይዞ አሸዋ የሚያስቦካበት ቦታ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መኪና መንገድ ራሱ፣ ግሬት ኦሽን ሮድ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ከ1919 እስከ 1932 የሠሩት፣ ለሞቱ ጓደኞቻቸው መታሰቢያ የሆነ መንገድ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ አገሩ የጋዱባኑድ ሰዎች ነው፤ የበሉት የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት በዚያው ዳርቻ ተከምሮ እስከ ዛሬ ይታያል። ማለቴ፣ ይህ ባሕር ዳር «የፈረንጅ መዝናኛ» ሆኖ የተፈጠረ አይደለም። ያዘነም፣ የሸሸም፣ የተሰደደም፣ የተነጠቀም ሕዝብ አሻራ አለበት። እኛ እንግዳ የምንሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሰበቦቻችን

ገንዘብ? ከ2023 ጀምሮ የክልል ባቡርና አውቶቡስ ዋጋ ከሜልቦርን የቀን ትኬት እንዳይበልጥ ተደርጓል። እስከ ጂሎንግ በባቡር፣ ከዚያ እስከ አፖሎ ቤይ በአውቶቡስ ነው። ድንኳን ተዋሱ። ካምፑ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ይጠይቃል እንጂ ከአንድ ሰርግ ልብስ አይበልጥም።

ጊዜ? የዊኬንድ ሺፍት እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም አለኝ። ስምንት ቀን ካልሆነላችሁ ሁለት ቀን ሂዱ።

«ሴት ልጅ ውጭ አድራ?» ይህኛው ከበድ ይላል። እዚህ ላይ ለእናቶች ያለኝ መልስ አንድ ነው። የሚደብቅ ልጅ ይሻላል ወይስ የሚያድርበትን ካምፕ ስም ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ የሚለጥፍ? እኔ ሰባቱንም ለጥፌ ነው የሄድኩት። እማዬ አልቀደደችውም።

ስለዚህ ጎበዝ፣ ጥሪዬ አጭር ነው። መጀመሪያ ዋና። በየሰፈራችሁ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ አለ፤ ለአዋቂ ጀማሪ ትምህርት አለ፤ አንዳንዶቹ ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት አላቸው። እኔ 27 ዓመቴ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከአምስት ዓመት ሕፃናት ጎን ለጎን ገንዳ ጠርዝ ይዤ እግሬን አንቦራጭቃለሁ። ያሳፍራል? አዎ። አንዷ ሕፃን «አይዞሽ» ብላኛለች፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ በኋላ ቦርሳ፣ በሶ፣ ሦስት ጓደኛ።

ከተመለስኩ ማታ እማዬ አላኮረፈችኝም፣ አልሳመችኝምም። ቦርሳዬን ከፍታ አሸዋውን በረንዳ ላይ አራገፈች። ከዚያ ከጣቷ ላይ የቀረውን ትንሽ አሸዋ እያየች «ውሃው ይቀዘቅዛል?» አለችኝ።

በጣም አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችም። ቅዳሜ ግን ከዋና በኋላ ዊሊያምስታውን ልወስዳት ነው። ሃያ ደቂቃ ነው። የናንተንም ይዛችሁ ኑ።

ቸር ያገናኘን!